አሜን የጠበቀው ኮምፒውተር

በቅናት የሚታማ ሰው ሁሉ "እኔ? በጭራሽ!" ይላል። እኔ አልክድም፤ ቀናተኛ ነኝ። ዝናብ የእኛን ቀበሌ ዘሎ የጎረቤት ቀበሌ ላይ ከጣለ ሆዴን ይበላኛል። ባልደረባዬ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሲላክ የዚያን ቀን ምሳ አይዋጥልኝም። ባለቤቴ ይህን ስለምታውቅ የሰው ምሥራች ልትነግረኝ ስትፈልግ መጀመሪያ "እስቲ ቁጭ በል" ትለኛለች።

ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ከቀናሁት ሁሉ የከፋውን ነው። በሀብት ወይም በሹመት አልነበረም የቀናሁት። አንዲት ልጅ እኔ የጻፍኩትን የኮምፒውተር ፕሮግራም እኔ በማላውቀው ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ስላስነሣችው ነው። "ለዚህም ይቀናል እንዴ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ታገሡኝ።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙን ካከበርን ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እንጅባራ ውስጥ ነው። ያኔም እንደ አሁኑ በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነበርኩ። የከተማው ሰው "ኢንጂነር አዳነ" ይለኝ ነበር። ያለኝ ዲፕሎማ ነው፤ ግን ማንንም አላረምኩም። ስሙን ያተረፈልኝ አንድ ክረምት ሙሉ ጉሙና ዝናቡ ቤት ሲያስቀምጠኝ የጻፍኩት ፕሮግራም ነው። ሕፃናትን በአገውኛ ማንበብ ያስተምራል። ሥዕል ያሳያል፣ ፊደል ያሳያል፣ ቃሉን በድምፅ ይናገራል። እያንዳንዱ ትምህርት ሲያልቅ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ልጆቹን በአገውኛ ይመርቃሉ። በአማርኛ ብመልሰው እንዲህ ነው፦ "እደጉ፣ ተመንደጉ። ካሰባችሁበት ድረሱ። ከእኛ የተሻላችሁ ሁኑ። አገራችሁ ሰላም ይሁን።" በየመካከሉ ልጆቹ "አሜን!" የሚሉበት ፋታ አለ። ልጆቹ ከትምህርቱ ይልቅ የሚወዱት ይህንን ነበር። አሜኑን ሲያስነኩት የጎን ክፍል መምህር እየመጣ ይጮህብን ነበር።

ሽማግሌው አባቴ ናቸው። አያ ተሰማ ይባላሉ፤ አዘና አጠገብ ያለ መንደር ነዋሪ፣ ገበሬ ናቸው። በዚያ አካባቢ ሰርግ ቢሆን እርቅ ቢሆን እሳቸው ሳይመርቁ አይበተንም። ሰው ከሩቅ እየመጣ በእሳቸው ይመረቃል። እኔን ግን በዚህ ሥራዬ መርቀውኝ አያውቁም። ፕሮግራሙን ጨርሼ ያሳየኋቸው ቀን የራሳቸውን ድምፅ አዳመጡና "ድምፄ እንዲህ ነው እንዴ?" አሉ። ከዚያ "ፈረሴን ልየው" ብለው ወጡ። አንዲት "ተባረክ" አልወጣቸውም። ያችን ቃል ሁለት ዓመት ጠበቅኳት።

በዚህ መካከል ለዞኑ ትምህርት ቤቶች ላፕቶፖች በእርዳታ መጡ። ደስ ብሎኝ ፍላሼን ሰክቼ ፕሮግራሜን ብነካው፣ ዝም። ደግሜ ብነካው፣ ዝም። ለካ ውስጣቸው ዊንዶውስ አይደለም፤ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት ነው። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው። ላፕቶፖቹ ቅዳሜ በአዳራሽ ሽማግሌዎችና መምህራን ባሉበት ሊመረቁ ቀን ተቆርጦላቸዋል። የአገውኛው ትምህርት እስከዚያ ካልተነሣ ያለ እሱ ይከፋፈላሉ። የእኔ ሥራ አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ውስጥ ሞቶ ይቀራል ማለት ነው።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሙሉነህ አስጠሩኝ።

"አታስብ" አሉኝ። "ከዳንግላ አንዲት ልጅ ትመጣለች። እሷ ታሻግረዋለች።"

"ምን ታደርገዋለች?"

"ታሻግረዋለች። ከዊንዶውሱ ወደዚህኛው።"

"የእኔን ፕሮግራም? ለምን ለእኔ አልተነገረኝም?"

"ሊኑክስ ታውቃለህ?"

"እማራለሁ።"

"እስከ ቅዳሜ?"

ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ፕሮግራም ማሻገር ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ ዕቃ ጭኖ ቤት እንደ መቀየር አይደለም። ቤቱን ራሱን ነው የምታሻግረው። ክዳኑን አውርደህ፣ ማገሩን ፈትተህ፣ በሌላ መሬት ላይ እንደገና ታቆመዋለህ። እና ያንን ቤት ሌላ ሰው ሲያፈርሰው ቆመህ ታያለህ።

ልጅቷ ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ መጣች። ሰናይት ትባላለች። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ዳንግላ ኮሌጅ ውስጥ ታስተምራለች። ከእኔ በብዙ ታንሳለች። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ጀርባዋ ላይ ከእሷ የሚከብድ ቦርሳ አለ።

"እንደምን አደሩ መምህር? ስለ ፕሮግራምዎ ብዙ ሰምቻለሁ።"

"አገውኛ ትችያለሽ?" አልኳት። ሰላምታዋንም አልመለስኩም።

"አልችልም።"

"አንድ ቃል እንኳ?"

"አንድ ቃል እንኳ። እርስዎ አሉ ብዬ ነው የመጣሁት።"

አነጋገሯ ትሑት ስለሆነ ይበልጥ አናደደኝ። ትዕቢተኛ ብትሆን ጥሩ ነበር፤ የምጣላበት ምክንያት አገኝ ነበር። የጻፍኩትን ኮድ አሳየኋት። አገጯን በእጇ ይዛ መስመር በመስመር አነበበችው። ሰው የልብሴን ኪስ እየገለበጠ የሚያይ መሰለኝ።

"ቆንጆ አድርገው ነው የጻፉት" አለች።

ማን ጠየቀሽ? አልኩ በሆዴ።

ረፋዱ ላይ የመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ሥዕሉ መጣ። ፊደሉ ግን በሙሉ ጥያቄ ምልክትና ባዶ ሣጥን ሆነ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያኔ የምንጽፍበት የድሮው ዓይነት ፊደል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሄድ እንደዚያ ነበር የሚሆነው። ይህን አውቅ ነበር፤ እሷም ታውቅ ኖሯል። የእያንዳንዱን ፊደል አሮጌ ቦታ ከአዲሱ ቦታው ጋር እያጋጠመች ለወጠችው። ከምሳ በፊት ሣጥኖቹ ሁሉ ፊደል ሆኑ። የቀሩት በአማርኛ የሌሉት፣ በአፍንጫ የሚወጡት የአገውኛ ፊደሎች ብቻ ነበሩ።

"ይህ ምልክት የቱ ነው መምህር?"

"እሱን አታገኚውም" አልኳት ኮራ ብዬ። "'ገ' ላይ ጨምሬ በገዛ እጄ የሳልኩት ነው።"

ትንሽ ፈለገችና ፊቷ በራ። "ይኸው አለ እኮ! ጘ። በአዲሱ ፊደል ውስጥ ከነዘሩ ቦታ ተሰጥቶታል።"

አየሁት። እኔ አንድ ሳምንት አጎንብሼ የሳልኩት ፊደል እዚያ ተደርድሮ ቁጭ ብሏል፤ ያውም ከእኔ የተሻለ ተስሎ። "ጥሩ" አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ድምፁ ሠራ። ትምህርቱ አለቀና የአባቴ ምርቃት መጣ። ያን ጊዜ ጉድ ተሰማ። አባቴ "እደጉ ተመንደጉ ካሰባችሁበት ድረሱ ከእኛ የተሻላችሁ ሁኑ አገራችሁ ሰላም ይሁን" ብለው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። መናኸሪያ ላይ የሚኒባስ ረዳት "ዳንግላ ዳንግላ ባሕር ዳር" እንደሚለው ማለት ነው። አሜን የሚባልበት ፋታ የለም።

"ማሻገር ማለት ይሄ ነው?" አልኳት። "ይህን ሽማግሌዎቹ ፊት ልታሰሚ ነው? እኛ አገር ምርቃት እንዲህ አይሮጥም።"

ሰናይት ወደ ኮዱ ተመለሰች። ቆየችና ቀስ ብላ ተናገረች።

"መምህር፣ ፋታውን የሠሩት ኮምፒውተሩን በባዶው ቁጥር በማስቆጠር ነው። የእርስዎ ኮምፒውተር ቀስ ብሎ ስለሚቆጥር አሜን ለማለት ይበቃል። ይሄኛው ፈጣን ነው፤ ዓይን ሳይከደን ቆጥሮ ይጨርሳል።"

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። "ቁጥሩን ጨምሪበታ!"

"ነገ ከዚህም የፈጠነ ቢመጣስ?"

ደግነቱ መብራት ሄደ፤ ሁለታችንም ወደየማደሪያችን ሄድን።

ዓርብ ጠዋት አባቴ ከአዘና መጡ። የድምፁ ባለቤት ስለሆኑ ለቅዳሜ ተጠርተው ነበር። ሚኒባስ ሆዳቸውን ስለሚያገላብጠው የመጡት በዳማ ፈረሳቸው ነው። እናቴ ለእኔ የላከችውን የገብስ ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። ፈረሱን ግቢው ውስጥ አስረው በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ገቡ። ሰናይት ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው።

"እርስዎ ነዎት አያ ተሰማ? ትናንት ድምፅዎን ስሰማ ነው የዋልኩት።"

"ድምፄ አላሰለቸሽም?" አሉ አባቴ በአማርኛ።

"ኧረ! ግን አስቸግሮኛል።" ሳቁ። ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። "አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሲመርቁ አንዱን ብለው ወደ ሌላው እስኪሄዱ ምን ያህል ይቆያሉ?"

"እቆጥራለሁ ብለሽ ነው ልጀ? አሜን እስኪባል ነዋ።"

"አሜን ባይባልስ?"

"አልቀጥልማ! ያልተቀበሉትን ምርቃት ምን ላይ አስቀምጠዋለሁ?"

ሰናይት ጠረጴዛውን መታችና ሳቀች። "አገኘሁት! መቁጠሩን ሙሉ በሙሉ ላውጣው። ላፕቶፑ ማይክሮፎን አለው። ልጁ አሜን ሲል ይስማ፤ ካልሰማ አይቀጥል።"

"እንደ እኔ?"

"እንደ እርስዎ።"

አባቴ ከት ብለው ሳቁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ልጃቸው ሆኜ ከእኔ ጋር እንዲያ ሲስቁ አላየሁም። ከዚያ ጨርቁን ፈቱና ከቆሎው ዘግነው እጇ ላይ አፈሰሱላት። "ብይ፣ ሥራ ያደክማል" አሏት። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ያ ቆሎ ለእኔ የተላከ ነው! በሕይወቴ በቆሎ እቀናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ዓይኔ ደም ለበሰ። ቆሎው ይቅር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከአባቴ ምርቃት ሥር አሜን እያልኩ አደግኩ፤ አሜን ካልተባለ እንደማይቀጥሉ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ለምን እኔ አላሰብኩትም? ቋንቋውን አንድ ቃል የማታውቅ ልጅ መጥታ በአንድ ጠዋት ወሰደችው።

ከሰዓት በኋላ ሠራ። ራቅ ያለ ጫጫታ እንዳያሳስተው አድርጋዋለች፤ የሚሰማው ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ብቻ ነው። እሷ አሜን ስትል የአባቴ ድምፅ ቀጠለ። ዝም ስትል ጠበቀ። አባቴ የገዛ ድምፃቸው ሲጠብቅ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አሁን እኔን መሰለ" አሉ።

ለእኔ "ድምፄ እንዲህ ነው እንዴ" ያሉት እኚሁ ሰው ናቸው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ብርዱ የተለመደው የእንጅባራ ብርድ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀምጠዋል። አባቴ መካከላቸው ናቸው። አቶ ሙሉነህ "የፕሮግራሙ አባት ራሱ ያሳየን" ብለው ላፕቶፑ ፊት አስቀመጡኝ። ሰናይት ከጎኔ ቆመች። የላፕቶፑ ምስል በትልቁ ግድግዳው ላይ በራ። ከላይ "የጻፈው፦ አዳነ ተሰማ" ይላል። ከሥሩ "ወደ ሊኑክስ ያሻገረችው፦ ሰናይት" ይላል። ስሜን አጥፍታው ቢሆን ኖሮ አዳራሹ ውስጥ እጮህ ነበር። አላጠፋችውም። እኔን ግን ያናደደኝ የእሷ ስም ከሥሬ መኖሩ ነው። ቀናተኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ብትነፍገውም ብታካፍለውም ያው ነው።

ትምህርቱን እየነካሁ አሳየሁ። ሥዕሉ፣ ፊደሉ፣ ቃሉ፣ ሁሉም አማረ። ከዚያ ምርቃቱ መጣ። አቶ ሙሉነህ "ጸጥታ! የሚመልሰው መምህሩ ብቻ ነው" አሉ።

"እደጉ፣ ተመንደጉ" አለ የአባቴ ድምፅ።

"አሜን።"

"ካሰባችሁበት ድረሱ።"

"አሜን።"

"ከእኛ የተሻላችሁ ሁኑ።"

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣም።

ይህን ምርቃት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! የቀዳሁትም፣ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ኮምፒውተሩ ቆጥሮ ያልፍ ስለነበር አሜን አልኩም አላልኩም ለውጥ አልነበረውም። አሁን ቆሞ ይጠብቃል። ከጎኔ ደግሞ ከእኔ የተሻለችው ልጅ ቆማለች። አሜን ብል ለማን እንደምለው ገባኝ።

አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ከኋላ "ተበላሸ እንዴ?" የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። አቶ ሙሉነህ ላባቸውን ጠረጉ። ሰናይት ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋች። ጎንበስ ብላ ራሷ ልትመልስ ስትል አባቴ ከፊት ወንበር እጃቸውን አነሡና አስቆሟት። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚመስል ድምፅ በአገውኛ ተናገሩ።

"አዳነ፣ እየጠበቅኩህ ነው እኮ።"

እሳቸውን ነው የምሰማው ወይስ ላፕቶፑን፣ አላወቅኩም። ቀና ብዬ ሰናይትን አየኋት። ልጅቷ ስለ እኔ ምንም ክፉ አላሰበችም። የፈለገችው የእኔ ፕሮግራም እንዲናገር ብቻ ነው።

"አሜን" አልኩ። ድምፄ ተሰባበረ፤ ግን ማይክሮፎኑ ሰማው።

"አገራችሁ ሰላም ይሁን" አለ ላፕቶፑ፤ የቀረውን አሜን አዳራሹ በሙሉ መለሰው።

ሰው ሲበተን አባቴን ፈረሳቸው ጋ አገኘኋቸው። ኮርቻውን እያጠበቁ ነበር። ሁለት ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየውን አወጣሁት።

"አባቴ፣ ያን ጊዜ ፕሮግራሙን ሳሳይዎት ለምን አልመረቁኝም?"

"አልመረቅኩህም?"

"አንድ ቃል አላሉኝም።"

ኮርቻውን ተዉና ዞር አሉ። "ማይክሮፎንህን አፌ ላይ ደቅነህ ስትቀዳኝ ቤት ውስጥ ማን ነበር?"

"እኔና እርስዎ።"

"ሕፃናት ነበሩ ወይ?"

"አልነበሩም።"

"ታዲያ ማንን ስመርቅ ነበር? ግድግዳውን?"

የፈረሱን ልጓም ያዝኩ።

"አንዱን ብየ ዝም ስል አንተን አየሁ። አንተ ድምፅ እንዳይገባ ብለህ አፍህን ይዘህ፣ በእጅህ 'ቀጥሉ፣ ቀጥሉ' ትለኛለህ። በዕድሜየ አሜን ሳልባል የቀጠልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። መርቄህ ነበር፤ አልተቀበልክም። ዛሬ ተቀበልክ።" እግራቸውን እርካቡ ላይ አድርገው ወጡና ከላይ ሆነው "ለልጅቱ ቆሎ ጨምርላት" ብለውኝ ሄዱ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ "ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅናት ተወኝ" እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልተወኝም። ሊኑክስን የተማርኩት ከሰናይት ነው፤ በየሳምንቱ ዳንግላ እየተመላለስኩ ከተማሪዎቿ እኩል ተቀመጥኩ። መንገዱን ሁሉ በቅናት ነው የሄድኩት። በኋላ እሷ ለትልቅ ሥራ ስትመረጥ ወሬውን ያመጣችልኝ ባለቤቴ ናት፤ መጀመሪያ ግን "እስቲ ቁጭ በል" አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ጥርሴን ነክሼም ቢሆን አሜን አልኩ። የተለወጠው ይቺ ናት፤ ከቅናቱ በኋላ አሜኑ ይመጣል። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ ያልመለሳችሁት አሜን እንዳለ እስቲ አስቡ። እኔ አልተመረቅኩም ብዬ ሁለት ዓመት ሳኮርፍ ምርቃቱ በገዛ ፍላሼ ላይ ነበር።

አባቴ አሁን የሉም። ላፕቶፖቹም አርጅተው ተጣሉ፤ አንዱን ግን ለምኜ አስቀርቼዋለሁ። አንዳንድ ቀን ተማሪ ከወጣ በኋላ እከፍተዋለሁ። አባቴ ይመርቃሉ፤ እኔ እመልሳለሁ። "ከእኛ የተሻላችሁ ሁኑ" ሲሉ ግን ቶሎ አልመልስም። ትንሽ እንዲጠብቁኝ ስለምፈልግ ነው።